ባሶን የማያውቅ ተማሪ እምባቦን እንዴት ይረዳል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከአዊ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም የመጣችሁ የታሪክ መምህራን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። መንገዱ እንዳደከማችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላንዛዛም።

ከፈተናችን የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ አለች። «የእምባቦ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» ተማሪው 1874 ዓ.ም. ላይ ያከብባል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መማረካቸውን የሚጨምርም አይጠፋም። «ለምን ተዋጉ?» በሉት እስቲ። ጭጭ!

መልሱ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ የጁቤ አካባቢ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሶ ትልቅ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ምዕራብ የነበሩት የጊቤ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወንዙን ተሻግሮ እዚያ ይራገፋል። ሙስሊሙ ሲራራ ነጋዴ፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚያ ይገበያያል። ጊቤን የያዘ ይህን ሁሉ ሀብት ይይዛል። ጎጃምና ሸዋን ያጋጨው ይኸው ነው። የንግድ መንገዱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሉለት፤ ዓመተ ምሕረቱን ሳይሸመድድ ይይዘዋል።

አንዳንዶቻችን ዘለን የምናልፋት መስመርም አለች። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በጉሙዝ ምድርም የባሪያ ፍንገላ ነበር። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለው መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበረበትን ዘመን የምናስታውስ እዚህ ብዙ ነን። ታዲያ የጉሙዙንና የሺናሻውን ታሪክ ዛሬ «የሌላ ክልል ነው» ማለት ምን የሚሉት ነው? ልጆቹ ይሸማቀቃሉ የሚል መምህር አለ። እኔ አይመስለኝም። ልጁ የሚናደደው እኛ ደብቀነው ከቲክቶክ ሲሰማው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግማሹ ተጣሞ ነው የሚደርሰው።

የአዊ መምህራን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ። ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ሜዳውን ሲሞላው ተማሪያችሁ ቆሞ ያያል። ፈረሱ ከዓድዋ ጋር ምን እንዳገናኘው አያቱን ጠይቆ እንዲመጣ ማዘዝ ብቻ ነው።

ዘንድሮ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እያንዳንዳችን ስለምናስተምርበት ወረዳ ሁለት ገጽ እንጻፍ። ገበያ ይሁን፣ የቅኔ ጉባኤ፣ መስጊድ ወይም አርበኛ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ብቻ ምንጩ ይጠቀስ። ከሽማግሌ የተሰማውም «ተሰማ» ተብሎ ይጻፍ፤ ወሬና ሰነድ አይቀላቀሉብን።

ከሻይ በኋላ በዚህ ላይ እንነጋገራለን። ተቃውሞ ያለው ከፊት ይቀመጥ፤ ማይኩ ከኋላ አይደርስም። ጉባኤው ተከፍቷል።