ከግድቡ እስከ ምጣዱ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አራት ኪሎ መሀል እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ስለ ኃይል ምንጭ ተናገር ስትሉኝ ትንሽ ፈራሁ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። አሁን ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዓመት ፒያሳ አካባቢ ምጣድ ስጠግን ነው የኖርኩት። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልግባ። በምጣድ በኩል።

የድሮ ደንበኞቼ አሁንም ይደውሉልኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ከጀርባችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ምጣዴ ሞተብኝ፣ ቶሎ ድረስልኝ» አሉ። ሄድኩ። ፈትቼ ሽቦውን አየሁት፤ ደህና ነው። ቴስተር ሶኬቱ ላይ አደረግኩ። 220 ቮልት ማሳየት የነበረበት 160 ያሳያል። ምጣዱ አልሞተም። ሰፈሩ በሙሉ እየጋገረ ነው፤ ትራንስፎርመሩ አልቻለም።

እዚህ ላይ አንዲት የሂሳብ ነገር አለች። ቮልቴጅ በሩብ ሲወርድ ሙቀቱ በሩብ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። በግማሽ ገደማ ነው የሚቀንሰው። እንጀራው ዐይን አላወጣም። ሊጡ ደግሞ አብሲት ገብቶበት ኩፍ ብሏል። ሊጥ ደግሞ ነገ ተመለስ አይባልም። እትዬ ምን አደረጉ? ጓሮ ወጥተው የእንጨት ምድጃ አቀጣጠሉ። እኔም ቴስተሬን እንደያዝኩ ጭሱ ውስጥ ቆምኩ።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በወረቀት ላይ ካሰላነው፣ ግድቡ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ምጣድ በአንዴ ያግላል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲያሰሉ ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ቦንድ ገዝቻለሁ እኮ። የእትዬ ምጣድ ግን በዚያ ቅዳሜ ከነዚህ ምጣዶች አንዱ አልነበረም። ችግሩ ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ አይደለም ያለው። እዚህ ሰፈር ውስጥ፣ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ድረስ ባለችው መንገድ ላይ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው። መብራታችን ንጹህ ነው። ጓዳችን ግን ገና ነው።

ይህች ከተማ የማገዶ ነገር ዱሮም አስጨንቋታል። ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ የእንጦጦና የዙሪያው ደን ተመነጠረ። አፄ ምኒልክ ከተማውን በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ እዚያ ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ያቆየን በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም ብለን እናማዋለን። ሐሜቱ እውነት አለው። ግን እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው አዲስ ዓለም ነበር።

አሁንም በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ብትሉ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አይጠፉም። ጎንበስ ብለው፣ መሬት መሬቱን እያዩ። 30 ኪሎ ቀላል የሚባለው ሸክም ነው። ስለ ኃይል ኢኮኖሚ ስናወራ የነሱ ወገብ የትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ እንደሚገባ አስተማሪ ሆኜም አላገኘሁትም።

ከሰሉ ደግሞ ይብሳል። በባህላዊው መንገድ፣ አፈር አልብሰው ሲያከስሉት፣ ለአንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ታዲያ ለምን እንገዛዋለን? መብራት ስለሚሄድ ነዋ! እስቲ እውነቱን እናውራ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩም ጭምር፣ በረንዳችሁ ጥግ አንድ ማዳበሪያ ከሰል የሌላችሁ ስንት ናችሁ? ለቡና ነው እንላለን። ግን ኢንሹራንስ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ቦታ አንድ ዛፍ ይወድቃል።

ጭሱንም አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። በር ዘግተው ከሰል አጠገብ የተኙ ሰዎችን ወሬ ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ጄኔሬተር አላችሁ። እሱ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። አንድ ሊትር ናፍጣ አቃጥሎ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣችኋል፤ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። ናፍጣው ከጅቡቲ በቦቴ፣ በዶላር ተገዝቶ የመጣ ነው። በመስመር ከሚመጣው መብራት ብዙ እጥፍ ይወደዳል። የፀጉር ቤቱም፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱም ዋጋ ላይ ይደመራል። ከፋዩ እኛው ነን።

ግድብም ቢሆን በነጻ አይደለም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጭ ትልቅ ሥራ ነው። ግን በታችኛው ኦሞ የወንዙን ሙላት ተከትለው ያርሱ የነበሩ ሰዎች ሙላቱ ቀርቶባቸዋል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የሆነው ይሆናል። የጊቤ 3 ውሃ ወረደ፣ አገሩ በፈረቃ ገባ። ሻማ ለመግዛት የተሰለፍን እናስታውሳለን። ስለዚህ ሁሉንም እንቁላል… አይ፣ ይህን ተረት ተውት፤ በቀጥታ ልበለው። ንፋስ ያስፈልገናል። በበጋ ውሃው ሲቀንስ ንፋሱ ይበረታል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። የአዳማ ሁለት የንፋስ ጣቢያ 153 ሜጋዋት ነው፣ የአሸጎዳው 120። ጅምሩ አለ። የከርሰ ምድር እንፋሎታችን ግን አሉቶ ላይ ብዙ ዓመት ሲንቀራፈፍ ኖሯል።

አሁን ደግሞ መኪናው መጣ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ቀርቷል። የነዳጅ ዶላራችንን ላየ ሰው ሐሳቡ ይገባዋል። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን አንድ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ምጣድ ማለት ነው። የሚሰካውስ የት ነው? የእትዬ ምጣድ የተሰካበት ያው ትራንስፎርመር ላይ ነዋ!

ለጅቡቲና ለኬንያ መሸጣችንን አልጠላም፤ የውጭ ምንዛሪ ነው። የምለው፣ ከሚመጣው ገንዘብ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰው የትራንስፎርመርና የሰፈር መስመር ይሁን ነው። አዲስ ግድብ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ትራንስፎርመር ሲቀየር ካሜራ አይመጣም። ምናልባት ችግሩ እሱ ይሆናል።

እስከዚያውስ? እትዬ ግቢ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁና ልጨርስ። አራት ጎረቤታሞች ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በአንዴ ከሚጋግር፣ እንደ እቁብ ተራ ያዙ አልኳቸው። አንዷ ሐሙስ ማታ፣ አንዷ አርብ ጠዋት። መጀመሪያ ተጨቃጨቁ፤ አርብ ለምን ለሷ ብለው። ከዚያ ዕጣ አወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ሄጄ ስለካው 205 አሳየኝ። እትዬ አንድ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ሰጡኝ፤ ዐይኑ ቁጥር የለውም። የእንጨት ምድጃው ላይ ግን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍተውበታል። አልጣሉትም። «ምን ይታወቃል» አሉኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፣ መብራቱ እያለ።