እግሩን የጠየቀው የለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ብርድ ከመጠለያ ድረስ በእግራችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሆኖ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አዘጋጆቹ ስለ ሱስ እንድናገር 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። እናገራለሁ። ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ ግን የአንድ ልጅ እግር ነው።

ልጁ የአጣዬ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል 19 ዓመቱ ነበር። ትንሽ እህቱን አዝሎ፣ እናቱን በክንዷ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሮጠ። ያንን ሌሊት እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ልተርክላችሁ አይገባም። በመጨረሻ እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገባ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲይዝ ደግሞ እንደገና ሻንጣ አዘጋጅቶ አደረ።

እኔ ጋ ሲመጣ ከሩጫው ሁለት ዓመት አልፎታል። ያመጣችው እናቱ ናት። «ልጄ ጋንጃ ያጨሳል፤ እባክሽ አድኝልኝ» አለችኝ። ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። እኔ ግን እግሩን አየሁ። ተረከዙ መሬት አልነካም። 40 ደቂቃ ስናወራ ተረከዙን አንስቶ በጣቶቹ ብቻ ነበር የረገጠው። አሁኑኑ ተነስቶ ሊሮጥ የተዘጋጀ ሰው አቀማመጥ ነው። ባቱ እንደ እንጨት ደርቋል። ይህን ሁሉ እሱ ራሱ ልብ አላለውም።

«ስታጨስ ምን ታገኛለህ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሲስተር፣ ሳጨስ እግሬ ዝም ይላል» አለኝ።

እግሬ ዝም ይላል! በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ሱስ እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ቦታ ሄዷል። አንዱ ጋ ማስታገሻ ክኒን ሰጡት። ሌላው ጋ ደም ወስደው መረመሩና «ምንም የለብህም» አሉት። ሦስተኛው ጋ «መጀመሪያ ሱስህን ትተህ ና» ብለው ከበር መለሱት።

የምቆጣው እዚህ ላይ ነው! ሱስህን ትተህ ና? መተው ቢችልማ ምን ሊያደርግ ይመጣል? መጀመሪያ ታጠብ፣ ከዚያ ወንዝ ውረድ እንደማለት እኮ ነው። እኛ ከበር የመለስነውን ልጅ ጋንጃ የሚሸጥለት ሰው ከበር አልመለሰውም። በስሙ ጠርቶ አስገባው፤ ገንዘብ ባይኖረው በዱቤ ሰጠው። ሦስት ቦታ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አይቶታል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «እግርህን ምን ይሰማሃል?» አላለውም!

እኔ ይህን ያህል የምናደድበት ምክንያት አለኝ። የሐዘን ማደሪያው ሰውነት እንደሆነ የኛ ሰው ድሮ ያውቃል። ስናዝን ሆዴ ባባ እንላለን። አንጀቴ ተቃጠለ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ጉልበቴ ከዳኝ እንላለን። ሕሙማኖቼም የሚነግሩኝ እንደዚሁ ነው። «ተጨንቄያለሁ» የሚለኝ ጥቂት ነው። «ደረቴን ይጫነኛል፣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል» የሚለኝ ግን በየቀኑ ነው።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ለቅሶ ስትደርስ አይቻታለሁ። ቁጭ ብላ አታለቅስም። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ አያቴ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ ወዲያና ወዲህ እየተራመደች ታለቅሳለች። ድምጿ እስኪዘጋ። ከዚያ ውሃ ይሰጧታል፤ ትቀመጣለች፤ ቡና ይፈላል። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ሌላ ነው። ሰውነቷ የሚለውን ብሎ ጨርሷል። እነዚህ ልጆች ግን ሬሳ ጥለው ነው የሮጡት። ድንኳን አልተተከለም፤ ደረት አልተመታም። ያ ሁሉ የት ሄደ? ባት ውስጥ፣ መንጋጋ ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል።

ሰውነት ላይ የሚያተኩር የሥነ ልቦና ሕክምና የሚባለው ይህንኑ ይዞ የተነሳ ነው። ፒተር ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስተምር ቆይቷል። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይነሳል፤ ያ ጉልበት መውጫ ካጣ ታፍኖ ይቀራል ይላል። ስለዚህ ታሪኩን ደጋግሞ ከማስተረክ ይልቅ ሰውየው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለውን ቀስ ብሎ ልብ እንዲል ይረዱታል። ሁሉንም በአንዴ አያፈሱትም። በጭልፋ በጭልፋ ነው።

አሁን ወደ ካናቢስ፣ ወደዚያው ጋንጃ ልምጣ። ወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር አለ። «ሲስተር፣ አሜሪካ እኮ መድኃኒት ነው፤ ዩቲዩብ ላይ አይተናል» ይላሉ። «ውሸት ነው» ብዬ አፋቸውን አልዘጋም። ውሸት አይደለምና። ካናቢስ በተፈቀደባቸው እንደ ኮሎራዶ ባሉ ግዛቶች፣ አንዳንድ ቴራፒስቶች ካናቢስን ከዚሁ የሰውነት ሕክምና ጋር አብረው ይጠቀሙበታል። ግን እንዴት? ሰውየው አስቀድሞ ደጋግሞ እየመጣ ይዘጋጃል። ያለበት በሽታ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም መኖር አለመኖሩ ይጣራል። መጠኑ ትንሽ ነው። ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል፤ ባለሙያው አጠገቡ ሆኖ «ደረትህ አካባቢ ምን አለ? ወዴት ይሄዳል?» እያለ ይከተለዋል። ሲያልቅ ብቻውን አይለቁትም፤ የተሰማውን በሌላ ቀን አብረው ያዩታል።

ልብ በሉልኝ። እዚያ ቅጠሉ ከጥሞና ጋር ነው። እኛ ጋ የመጣው ቅጠሉ ብቻ ነው። ጥሞናው መንገድ ላይ ቀርቷል።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ገና አልጠራም። ካናቢስን ካናቢስ የሚያደርገው ቲኤችሲ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የራሳችን አንጎል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ንጥረ ነገር እንደሚያመርት ተገኘ። አናንዳሚድ አሉት፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ደስታ ማለት ነው። ቲኤችሲ የሚገባው በዚያው በር ነው። አንጎላችን ውስጥ የፍርሃት ደወል የሆነችው አሚግዳላም ይህ በር አላት። ለዚህ ነው ልጁ እግሬ ዝም ይላል ያለው። አልዋሸም፤ በእርግጥ ዝም ይላል።

ግን በስንት መጠን? እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ላይ ሰዎችን እንደኔ ሰው ፊት አቁመው እንዲናገሩ አደረጉ። 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሰ ተጨነቁ። 12.5 ሚሊግራም የወሰዱት ግን ባሰባቸው። ልዩነቱ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው! ከጠባሴ ጥግ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ስንት ሚሊግራም እንዳለው ማን ለክቶታል? በዚያ ላይ ካናቢስ የልብ ምት ይጨምራል። ሌላ ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል። ከእሳት ለሮጠ ልጅ ግን ልቡ ሲመታ ያ ሌሊት ተመለሰ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ። የጦርነት ጠባሳ ያለባቸው 80 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። ሦስት አራተኛው የተለያየ ዓይነት ካናቢስ፣ አንድ አራተኛው ንጥረ ነገሩ የወጣለት ባዶ ቅጠል አጨሱ። ሁሉም ትንሽ ተሻላቸው። ካናቢሱ ግን ከባዶው አልበለጠም። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ከ45,000 በላይ ምልምል ወታደሮችን 15 ዓመት ተከታትለዋል። በ18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬንያ በተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካላጨሱት 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለወጣቶቹ ይህን ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ያዳምጡኛል። ስላልሰደብኳቸው ነው የሚያዳምጡኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ተው» አላልኩትም። «እግርህ ዝም ባይል ኖሮ ምን ይል ነበር?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና «ሩጥ ይለኛል» አለ። «እሺ፣ ቁም» አልኩት። ሁለት መዳፉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በእግሩ ወለሉን ገፍቶ፣ ግድግዳውን እንዲገፋ ነገርኩት። በጣም በዝግታ። «ሲበዛብህ አቁም፤ አዛዡ አንተ ነህ» አልኩት። ገፋ። ቆመ። ደግሞ ገፋ። ሦስተኛው ላይ ባቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ጉልበቱ። ደነገጠና አየኝ። «ምንም አይደለም፣ ይንቀጥቀጥ፤ አጠገብህ ነኝ» አልኩት። ሁለት ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠ። አዛጋ። ደጋግሞ አዛጋ። «በረደኝ» አለ። አንዲት የመንዝ ባና አለችኝ፣ ከበድ ያለች የበግ ጠጉር። እግሩ ላይ ጣል አደረግሁለት። ያን ጊዜ አየሁት። ተረከዙ መሬት ነክቷል።

በአንድ ቀን ዳነ አላልኳችሁም። ዘጠኝ ወር ተመላልሷል። መሃል ላይ ማጨሱን በአንዴ አቆመና በሳምንቱ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። ቅዠቱ ብሶበት ነበር። ካናቢስ ሕልምን ያፍናል፤ ሲቆም ሕልሙ ተጠራቅሞ ይመጣል። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረውም። «አብጃለሁ፣ ያለሱ አልሆንም» ብሎ ሊመለስበት ነበር። ሳምንት ሁለት ሳምንት እንደሚከብድና እንደሚያልፍ ስነግረው ትከሻው ወረደ። ዛሬ አልፎ አልፎ ያጨሳል፤ አልደብቃችሁም። ግን ሥራ ይዟል፤ ሌሊት ይተኛል፤ እህቱን ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ቀሪውን ቶሎ ልበለው። ሕጉን ሁላችሁም እወቁት። ካናቢስ በሀገራችን ክልክል ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። «በካናቢስ ላክምህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ትታችሁት ውጡ። እናቶች፣ ልጃችሁ ብቻውን ማውራት፣ ሰው ያሳድደኛል ማለት ከጀመረ ቀን አትቁጠሩ፣ አምጡት። አባቶች ካህናት፣ ጸበሉንም ክኒኑንም አብረን እናስኪደው፤ አንዱ ሌላውን አያባርር።

አሁን ከፊት ለተቀመጣችሁት፣ ቁልፍና በጀት በእጃችሁ ላለ። ይህ ልጅ የተንቀጠቀጠው የት ይመስላችኋል? ኮሪደር ላይ! በመጋረጃ ጋርጄ! ከመጋረጃው ማዶ ሰው ካርድ እያወጣ ነው። አንዷ ሕመምተኛዬ ማልቀስ ስትጀምር ሰው ሰማኝ ብላ ድምጿን ዋጠች፤ ዳግም አልመጣችም። ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። «እየታየ ነው» ተባልኩ። ማን ነው የሚያየው? ስንት ዓመት ነው የሚታየው? የኛን ልጆች ጨለማ ውስጥ የሚያስጨሳቸው ሰው ክፍል አለው፤ እኛ የለንም!

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አንድ ክፍል ነው። በሩ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ወለሉ በባዶ እግር ሲረግጡት የማይቀዘቅዝ፣ ሰው ሊገፋው የሚችል አንድ ጠንካራ ግድግዳ ያለው። ሰሌኑንና ባናውን እኛ እናመጣለን።

አመሰግናለሁ።