ገንዳውን ስታጸዱ ዓሣውን አትግደሉ

እንደምን አላችሁ ወዳጆቼ! እዚህ የተሰበሰብነው ሁላችንም አንድ ዓይነት አመል ያለብን ሰዎች ነን፤ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ትተን ገንዳው ፊት የምንቀመጥ። ስለዚህ ብዙ መግቢያ አያስፈልገንም፤ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ዓሣ ያለቀበትን ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «እኔ እንጃ፣ ትናንት እንኳ ገንዳውን ሙልጭ አድርጌ አጥቤላቸው ነበር» የሚል ነው። ዓሣዎቹን በባልዲ አውጥቶ፣ ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ደፍቶ፣ ጠጠሩን ፈትጎ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ስር ይዞ አዲስ እስኪመስል አጥቦ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሷል። ገንዳው ያብረቀርቃል። ዓሣዎቹ ግን ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ሰነፍ ሰውም ዓሣ ይገድላል፣ አልክድም። ግን ሰነፉ ቀስ ብሎ ነው፤ ትጉሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሳቸዋል።

ለምን? ዓሣ ቀኑን ሙሉ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም መጨረሻቸው ያው አሞኒያ ነው። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ሳሎን ውስጥ፣ 60 ሊትር ውሃ ውስጥ ግን የት ይሄዳል? እዚያው ይጠራቀምና ስንጥቡን መልሶ ያቃጥለዋል።

ዓሣዎቹን የሚያድኗቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይት ራሱ ቀላል መርዝ አይደለም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ደሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ናይትሬት በአንጻሩ ገር ነው። በሊትር ከ40 ሚሊግራም ካላለፈ አብዛኛው ዓሣ ይችለዋል፤ እኔ ግን 20 ላይ ብትይዙት ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ፤ ናይትሮስፓይራ ከሚባለው ወገን ነው፣ አንዱ የተገኘውም ከዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ውስጥ ነበር። እኛ ቆሻሻ ብለን የምናጥበው ነገር ውስጥ ማለት ነው!

አሁን ዋናውን ነገር ያዙልኝ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ አይደለም። ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም። ስፖንጁን ቧንቧ ስር ስታጥቡት፣ ሳምንታት ፈጅቶ የተገነባውን በደቂቃ አፈረሳችሁት።

ታዲያ ስፖንጁ ሲደፈን ምን ይደረግ? ውሃ ስትቀይሩ ከገንዳው የቀዳችሁትን ውሃ አትድፉት። ስፖንጁን እዚያ ባልዲ ውስጥ ንከሩትና ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቡናማ አተላ ይወጣል። በቃ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ስፖንጁ አሁንም ቡኒ ነው፣ ያስጠላል፣ እጃችሁ አንድ ጊዜ ልድገመው ይላል፤ አትድገሙት። ውሃ ካሳለፈ ንጹሕ ነው። ማጣሪያው ሁለት ስፖንጅ ካለው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቀን አትንኩ።

አዲስ ገንዳ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ባክቴሪያዎቹ ገና አልመጡማ። እስኪደራጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው ወተት ሲመስል ያያል፣ ይደነግጣል፣ ገልብጦ ያጥባል፣ እንደገና ይደፈርሳል፣ እንደገና ያጥባል። ያ ድፍርስ በራሱ የሚጠራ ነገር ነው፣ ታገሱት። የሚሻለው ከሚያውቁት ሰው፣ ዓሣዎቹ ጤነኛ ከሆኑለት፣ የሠራ ቆሻሻ ስፖንጅ ለምኖ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መክተት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው የማይከለክላችሁ ስጦታ ይሄ ነው።

ወደ ሰነፉ ልመለስ፣ ምክንያቱም እሱም በመጨረሻ የሚገድላቸው በጽዳት ነው። አንድ ዓመት ውሃ ሳይቀይር፣ በትነት የጎደለውን ብቻ እየሞላ ኖሯል። ዓሣዎቹ ደህና ናቸው። አንድ ቀን እንግዳ ሊመጣበት ነው መሰል ሕሊናው ይወቅሰዋል፤ ተነሥቶ ሰማንያ በመቶውን ይቀይራል። ማታውኑ ዓሣ ያልቃል። «የቧንቧው ውሃ ነው የገደለብኝ» ይላል። በከፊል እውነቱን ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት ይበላሉ። ውሃው አሲዳማ እንዳይሆን የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ሲያልቅ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውሃው አሲዳማ ነው) እየወረደ ከ6 በታች ይገባል፣ ያኔ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራ ያቀዘቅዛሉ፣ አሞኒያው መጠራቀም ይጀምራል። ግን አሲዳማ ውሃ ውስጥ አሞኒያ አሞኒየም ወደሚባል ብዙም ወደማይጎዳ መልክ ስለሚቀየር ማንም አያስተውልም። ከዚያ ፒኤቹ 8 የሆነ ውሃ ከላይ ሲፈስበት፣ ያ ሁሉ አሞኒየም መልሶ መርዝ መሆን ይጀምራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ 8 ላይ 5 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 9 ላይ ከሲሶ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ያረጀ ገንዳ ያለው ሰው መጀመሪያ አሞኒያውንና ፒኤቹን ይለካ። ከዚያ በየቀኑ አስር አስር በመቶ እየቀየረ፣ ቀስ እያለ ይመለስ።

ለሌሎቻችን በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ያህሉን መቀየር ይበቃል። ውሃውን ስትቀዱ ቱቦውን ጠጠሩ ውስጥ አስገብታችሁ ከሥር ያለውን ሳቡት፤ ከላይ መቅዳት ጥቅሙ ግማሽ ነው። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረብ፣ በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር። ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ክፍቱን አንድ ቀን ቢያድር ይለቃል። አንዳንድ ቦታ ግን ክሎራሚን ነው የሚጨመረው፣ እሱ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ማርከሻ ጠብታ ይፈልጋል። ምግብ? በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። የገንዳው መብራት በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ይብራ። ትንሽ አረንጓዴ አልጌ ድንጋዩ ላይ ካያችሁ ተዉት፣ ናይትሬት እየበላላችሁ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንድ ነገር። ክዳኑ የተገጠመ ማጣሪያ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ይሞታሉ። መብራቱ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱት፤ ያን የሸተተ ውሃ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል። ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ድፉ፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ መልሱ።

የቀረው መለካት ነው፤ አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም፣ በዓይን አይታዩም። ከቤት በጠርሙስ ያመጣችሁትን ውሃ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኑሩልኝ። በአሞኒያ እንጀምራለን፤ በእኛ መመርመሪያ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ዜሮ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ ማለት ነው። አረንጓዴ የወጣለት ሰው ዛሬ ማታ ከሩብ እስከ ግማሽ ውሃ ይቀይር፣ ሁለት ቀን ምግብ ይከልክል፤ ፒኤቹ ከ6 በታች የሆነው ግን እንዳልኩት አስር አስር በመቶ ነው። የናይትሬቱን መመርመሪያ ሁለተኛ ጠርሙስ የምትይዙ ልጆች እስኪደክማችሁ ናጡት፣ ሥር የሚዘቅጥ ነገር አለው፤ በደንብ ካልተናጠ ከእውነቱ በታች ያነባል። ስማችሁን ጠርሙሳችሁ ላይ ጻፉበት፣ እንዳይቀላቀልብን።