መያዣው ቤት ነው፤ ዝናቡስ?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጎንደር ነጋዴዎች፣ የባንክ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ብዙ ዓመት የሠራሁት ብድር ክፍል ነው። ሰው ብድር ሊጠይቅ ሲመጣ ቀድሜ የምለው «ካርታ አለህ?» ነበር። የቤት ካርታ ማለቴ ነው። ካለ ገማቹ ሄዶ ቤቱን ይለካል፣ ፋይሉም ይከፈታል። ብሩ ግን መተማ ወርዶ ሰሊጥ ይሆናል። ስለ ሰሊጡ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

የሰሊጥን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ታጭዶ ሊደርቅ በቆመበት ዝናብ ከመታው ንጣቱ ይሄዳል፤ ደረጃው ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮት። አንድ ደንበኛዬን ዕዳ ውስጥ የከተተው እንዲህ ያለ ዝናብ ነው። ቤቱን ለሐራጅ አወጣን። ብራችንን አገኘን፤ ሰውየውን ግን ዳግም አላየነውም። እስቲ ይሄ ምኑ ትርፍ ነው?

ማርክ ካርኒ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ላይ ለመድን ሰዎች ንግግር አድርገው ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ ገንዘብን በሦስት በኩል ያሰጋል አሉ። አንደኛው የጎርፍና የድርቅ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ተጎጂው «ካሱኝ» ብሎ የሚከሰው ነው። ሦስተኛው ዓለም ከነዳጅና ከከሰል ሲላቀቅ ዋጋ የሚያጣው ንብረት ነው። ለእኛ ሁለቱ ገና ሩቅ ናቸው። አንደኛውን ግን ጣና ሲሞላ የደምቢያ ገበሬ ያውቀዋል።

አደጋውን አየሁ ብሎ በር መዝጋት ቀላል ነው። ይሄ ግን የባንክ ሥራ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። አደጋውን ያወቀ ባንክ የሚያበድረው ለሌላ ነገር ነው፦ ለማሳ ውሃ ማፋሰሻ፣ ቶሎ ለሚደርስ ዘር፣ ለሸራ፣ ለመጋዘን። የመክፈያ ጊዜውንም ከአዝመራው ጋር ያስማማል። መያዣውስ? በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም መያዣ ይሆናል፤ ቤት ብቻ አይደለም።

ሆቴል ልሥራ የሚለውንም «ውሃው ከየት?» እንበለው። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው መሆኑን እዚህ የማያውቅ የለም።

ነገ ጠዋት ቅርንጫፋችሁ ስትገቡ የብድር ቅጹን አውጡ። ከካርታው ጥያቄ በላይ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ሰሊጡ የሚደርቀው የት ነው?»

አመሰግናለሁ።