እርዳታ ሊጠይቅ የመጣን ሰው እንዴት እናናግር?

(ምስል፦ የመቀበያ ክፍል። ሰዎች ወረፋ ይዘዋል። አንዲት ሴት ወረቀት የሞላ ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።)

ተራኪ፦
ይህች ሴት የምትናገረውን መንገድ ላይ ስታጠና ነው የመጣችው። የቤት ኪራይ ውዝፍ አለባት፤ አከራይዋ ቤቱን እንድትለቅ ነግረዋታል። ይህንኑ ጉዳይ ከዚህ በፊት ለሌሎች ቢሮዎች አስረድታለች፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ልታስረዳ ነው። የምትጠይቋት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ያህሉን እንደምትነግራችሁ፣ ምን ያህሉን ደግሞ በሆዷ ይዛ እንደምትመለስ ይወስናል።

ይህ ቪዲዮ በማኅበራዊ አገልግሎት ለተሰማራችሁ ነው፤ ጉዳይ ለምትከታተሉ፣ ቤት ለቤት ለምትጎበኙ፣ ቅጽ ለምትሞሉ፣ ድጋፍ ለምታከፋፍሉ።

ከድህነት ጋር የሚመጣ፣ በየትኛውም ቅጽ ላይ ግን ቦታ ያልተሰጠው ነገር አለ፤ ሀፍረት። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ሲጽፍ፣ በዘመኑ በአብዛኛው አውሮፓ የቀን ሠራተኛ እንኳ የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይለብስ ሰው ፊት መቅረብ እንደሚያፍር አስተውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የዓለም ባንክ በ60 አገሮች ውስጥ በድህነት የሚኖሩ ከ60,000 በላይ ሰዎችን ድምፅ ሰብስቧል። ሰዎቹ ያነሱት የገቢ ማነስን ብቻ አልነበረም። አገልግሎት ፍለጋ በሄዱበት የሚደርስባቸውን ማመናጨቅና ውርደትም ተናግረዋል። ይህ ለእኛ ለባለሙያዎች ሊከብደን ይገባል።

ያፈረ ሰው ይደብቃል። የሚደብቀው ደግሞ እኛ አጥብቀን የምንፈልገውን ነው፤ ከማን እንደተበደረ፣ ማንበብ እንደማይችል፣ ቤት ውስጥ ጥቃት እንደሚደርስበት። ያን ሳናውቅ የምንሰጠው ድጋፍ ቦታውን ይስታል። ስለዚህ አነጋገራችን የሥራው ማሳመሪያ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ሥራው ራሱ እዚያ ውስጥ ነው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ። ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ዞር ብሎ ሴትዮዋን ያያል።)

ሁለት አጀማመሮችን እንስማ።

የመጀመሪያው፦ «ውዝፉ እስከዚህ ድረስ ሲከማች ለምን ዝም አሉ?»

ሁለተኛው፦ «እንኳን መጡ። ስለ ቤቱ ጉዳይ እንደሆነ ነግረውኛል። ከየት ብንጀምር ይሻልዎታል?»

የመጀመሪያው ባለሙያ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የፈለገው መረጃ ነው። ነገር ግን «ለምን» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ የተቸገረ ሰው ጆሮ ሲደርስ ክስ ይሆናል፤ ሴትዮዋም ራሷን ወደ መከላከል ትገባለች። ያንኑ መረጃ «ኪራዩ መክበድ የጀመረው መቼ ነው? በዚያን ጊዜ ምን ገጠመዎት?» ብለን ማግኘት እንችላለን።

የምንጠይቅበትን ምክንያት እንንገራቸው። «ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የምጠይቅዎት ድጋፉ በቤተሰብ ብዛት ስለሚሰላ ነው።» ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራ የሚመስለውን ነገር ወደ ውይይት ትለውጠዋለች። ቅጹ የማይጠይቀውን ደግሞ ለማወቅ ያህል ብቻ አንጠይቅ። አንቱታውም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ለለጋሹ «እርስዎ»፣ ለተረጂው «አንተ» የሚል አንደበት ሰውን በሁለት ሚዛን መመዘኑን ማንም ይሰማዋል።

(ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቀጠሮ ሰሌዳ። አንድ ስም ላይ «አልቀረበም» ይላል።)

እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በህንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን የማሰብ ችሎታ ሁለት ጊዜ ፈትኗል፤ አንዴ ምርት ከመሰብሰባቸው በፊት እጃቸው ሲያጥር፣ አንዴ ከሰበሰቡ በኋላ። ከምርት በፊት ያመጡት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለየው የገንዘብ ጭንቀቱ ነው። ሐሳብ በዕዳና በነገ ሲያዝ ለሌላው ነገር የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ቀጠሮ የረሳን ሰው «ግድ የለሽ» ከማለታችን በፊት፣ ባለፈው ሳምንት ምን ያህል መመሪያ በአንድ ትንፋሽ እንዳወረድንበት እንጠይቅ። ከሁሉ በፊት የሚጣደፈውን አንዱን ጉዳይ እንያዝ። ቀኑን፣ ቦታውንና ይዘው የሚመጡትን ሰነድ በአጭሩ ጽፈን እንስጥ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በድምፅ መልእክት እንላክ።

«ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይልቅስ ኃላፊነቱን ወደ ራሳችን እንውሰድ፦ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፤ ቤት ሲገቡ ይህን ለቤተሰብዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» የተምታታው ቦታ እዚያው ይታያል።

(ምስል፦ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ አጠገባቸው ናት።)

ማዳመጥ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

አዛውንቱ፦ «የሄድኩበት ሁሉ ነገ ና ነው የሚሉኝ።»

ምላሳችን ላይ የሚመጣው «እኛ እንደዚያ አይደለንም» የሚለው ነው። ይህ ግን የእኛን ስም ማጠብ እንጂ የእሳቸውን ነገር መስማት አይደለም።

ባለሙያዋ፦ «መመላለሱ አድክሞዎታል። እዚህም ያው እንዳይገጥምዎት ሰግተዋል።»

ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታው ይረዝማል፤ ወረቀት አታገላብጥም፣ ስልክ አታይም። አዛውንቱ ቀና ብለው ዋናውን ነገር የሚያነሱት ያኔ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የማናገር ዘዴ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰው የተናገረውን ከነስሜቱ መልሶ ማሰማት። ዘዴው የተጀመረው ከመጠጥ ችግር ጋር ለሚታገሉ ሰዎች ነበር፤ ዛሬ በማኅበራዊ ሥራም በሰፊው ይሠራበታል። ሌላው የሚያስተምረው የሰውን ጥንካሬ ለይቶ መናገርን ነው። «ጎበዝ ነዎት» ባዶ ነው። «ሥራው ከቆመ ወዲህ የልጆቹን የትምህርት ክፍያ አንድም ወር አላስተጓጎሉም» ግን ሰውየው ራሱ የዘነጋውን አቅም ያስታውሰዋል።

ምክር ላይ ቁጥብ እንሁን። ምንም ገቢ ለሌለው ሰው ስለ ቁጠባ ማስተማር ስድብ ነው። ጥቂቷን ገንዘብ አብቃቅቶ ወር መድረስን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። «እስከ ዛሬ እንዴት ተቋቋሙት?» ብለን እንጠይቅ፤ የምናውቀው አማራጭ ካለም «ልንገርዎት?» ብለን ፈቃድ አግኝተን እንናገር።

(ምስል፦ የተዘጋ በር። ከውጭ ሰዎች ይተላለፋሉ።)

ምስጢር። ስለ ዕዳና ስለ ትዳር ወረፋ ፊት አይጠየቅም። ምስጢር የማንጠብቅበት ሁኔታ ካለ፣ ለምሳሌ ሕፃን ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሰውየው ገና ሳይናገር እንንገረው፤ ከተናገረ በኋላ ብንነግረው ወጥመድ ይሆናል። ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ አናድርግ፤ አስተርጓሚ ሲኖርም ዓይናችን ባለጉዳዩ ላይ ይሁን። ለሪፖርት ፎቶ የምንፈልግ ከሆነ «አልፈልግም» ማለት ድጋፉን እንደማያስቀር በግልጽ እንናገር።

አሁን ከባዱ፦ «የለም» ማለት። ብዙዎቻችን ሰው ላለማስከፋት «እናያለን» እንላለን። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሚጎዳ መልስ የለም፤ ሰውየው ሌላ በር ማንኳኳቱን ትቶ የማይመጣ ነገር ይጠብቃልና። እንዲህ ብንል ይሻላል፦ «ይህን ድጋፍ ማግኘት አይችሉም፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ውሳኔው ትክክል አይደለም ካሉ ቅሬታ የሚያቀርቡት እዚህ ነው፤ ማመልከቻውን አብረን እንጻፍ።» ቢቆጡ አንደንግጥ፣ ድምፃችንንም አናንሳ። የደህንነት ስጋት ከሌለ በቀር ቁጣው እስኪበርድ መስማት ይቻላል።

(ምስል፦ በማስታወሻ መዝገብ ላይ የሚጽፍ እጅ።)

ሰውየው ከወጣ በኋላ የምንጽፈውም ንግግር ነው። «ተባባሪ አይደለችም» የሚል ማስታወሻ ከቢሮ ቢሮ እየተከተላት ገና ሳትገባ ስሟን ያጠፋል። «በሁለት ቀጠሮ አልመጣችም፤ የትራንስፖርት ገንዘብ እንዳልነበራት ተናግራለች» የሚለው ግን ለሚቀጥለው ባለሙያ መፍትሔውንም ይጠቁማል። ራሷ ብታነበው የማናፍርበትን እንጻፍ።

ከመለያየታችን በፊት ማን ምን እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሆነ ይለይ። «ሐሙስ ከሰዓት እደውልልዎታለሁ» ካልን ሐሙስ ከሰዓት እንደውል። ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም እንደውል፤ «መልሱ ገና አልመጣም፤ ሰኞ እንደገና እጠይቃለሁ» ማለትም መልስ ነው።