ስቲቨን ፎክስና የወታደሩ ሽልንግ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

የዛሬው ባለታሪኬ ጦር መርቶ አያውቅም። ያም ሆኖ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ሠራዊት ሳይበተን የኖረው በእርሱ ብልሃት ነው። ስቲቨን ፎክስ ይባላል። በ1627 ፋርሊ በምትባል የዊልትሻየር መንደር ተወለደ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሡ በስደት ሲንከራተት የቤቱን ወጪ የያዘው ፎክስ ነበር። ባዶ ካዝና ይዞ የንጉሥ ማዕድ መዘርጋት ምን እንደሚመስል አስቡት! አበዳሪን ማግባባት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ በቀጠሮው መክፈል፤ ሙያውን የተማረው እዚያ ነው።

በ1660 ንጉሡ ዙፋኑን መልሶ አገኘ። በዓመቱ ፎክስ የሠራዊቱ ደመወዝ ከፋይ፣ የሳልዝበሪም የፓርላማ እንደራሴ ሆነ። ችግሩ ግብር ዘግይቶ መግባቱ ነበር፤ ወታደር ደግሞ ዛሬ ይርበዋል። ፎክስ በራሱ ስም ተበድሮ ይከፍላል፤ ግምጃ ቤቱ በኋላ ይተካለታል። ለዚህ ድካሙ ከወታደሩ ደመወዝ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 1 ሽልንግ ይቆርጣል።

እስቲ በጣታችን እንቁጠረው። እግረኛው በቀን 8 ፔንስ ያገኛል። በ30 ቀን 240 ፔንስ፣ ማለትም ልክ 1 ፓውንድ ይሆናል። ሽልንግ 12 ፔንስ ነው። እንግዲህ ወታደሩ በወር አንድ ቀን ተኩል የሚቆመው ለፎክስ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ደመወዙ ቢዘገይ ኖሮ ያው ወታደር ከመጠጥ ቤት ባለቤት በባሰ ዋጋ መበደሩ አይቀርም ነበር። ቢሆንም የተቆረጠው ከድሃ ጉርሻ ነው። የዘመኑ ጸሐፊ ጆን ኤቭሊን ግን በ1680 በዕለት ማስታወሻው የፎክስን ሀብት ቢያንስ 200,000 ፓውንድ ገምቶ፣ በቅንነት የተገኘና ማንም ያልተመቀኘው፣ ለተአምር የቀረበ ነገር ነው ብሎታል።

በ1682 በለንደን የቼልሲ የጦር ጡረተኞች መኖሪያ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ንድፉ የክሪስቶፈር ሬን ነው። ፎክስ ከኪሱ ከ13,000 ፓውንድ በላይ ሰጠ። የቤቱ መተዳደሪያ የተገኘው ግን ከዚያው ከወታደሩ ደመወዝ ከሚቆረጠው ገንዘብ ነበር፤ ወታደሩ የእርጅና አልጋውን በራሱ ሽልንግ ገዛ ማለት ነው።

ፎክስ በ76 ዓመቱ እንደገና አገባ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ሄንሪ በ1757 የአባቱን የደመወዝ ከፋይነት ወንበር ያዘ። እርሱም የመንግሥትን ገንዘብ በእጁ እያቆየ ትርፉን ለራሱ አደረገ። ምቀኛ ግን አላጣም።

አመሰግናለሁ።