ዳይክ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ከየት ይምጣ?

የተከበራችሁ የበጀት ኃላፊዎች፣ መሐንዲሶች፣ በወንዝ ዳር ኖራችሁ ይህን ጉዳይ ከሁላችንም በላይ የምታውቁት እናቶችና አባቶች፣

ወንዝ ሞልቶ የአፈር መከላከያውን፣ በሥራ ቋንቋችን ዳይክ የምንለውን፣ ቀንና ሌሊት ሲጫነው አንድ ነገር ይከሰታል። ከዳይኩ ጀርባ፣ ደረቅ ነው ብለን በተማመንበት መሬት ላይ፣ ውሃ እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ጥርት ያለ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ደፍርሶ፣ ዙሪያውን አሸዋ እየከመረ ከወጣ ግን ዳይኩ ከሥሩ እየተቦረቦረ ነው። ያን ጊዜ ፍልቁን መድፈን አይገባም፤ ከደፈኑት ሌላ ቦታ ይፈነዳል። አሸዋ የሞላ ጆንያ ዙሪያውን ይካባል፤ ውሃው በካቡ ውስጥ ከፍ ሲል ግፊቱን ይመክተዋል፤ አሸዋውም መውጣቱን ያቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ባትሪ ይዞ፣ ጭቃ ውስጥ እየተራመደ፣ ፍልቁን በጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ነው። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ሰው ደመወዝ ልናገር ነው።

መንግሥታት ለጎርፍ መከላከያ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። የአሜሪካውን የሚሲሲፒን ወንዝ እንመልከት። በወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከመሬታቸው ግብር እየከፈሉ ዳይክ ሲያስገነቡ ኖሩ። መሐንዲሶቹም ወንዙን በዳይክ ብቻ መግራት ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዳይኩ በብዙ ቦታ ተደረመሰ። ወደ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በውሃ ተዋጠ፤ ከ600,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ የፈረሙት ሕግ 325 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ በዋናው ወንዝ ላይ ያለውን የዳይክ ግንባታ ወጪም የፌዴራሉ መንግሥት ተሸከመ። መሬቱን መስጠትና ዳይኩን መጠገን ግን የአካባቢው ሰው ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ሕጉ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስገኝቷል፤ ወንዙ መተንፈሻ፣ ማለትም ሲሞላ ውሃው ሆን ተብሎ የሚለቀቅባቸው ሜዳዎች፣ ተሰጠው። ከነዚህ አንዱ በሚዙሪ ግዛት ውስጥ ያለው የበርድስ ፖይንት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በኢሊኖይ ግዛት ያለችውን የኬይሮ ከተማ ለማዳን ዳይኩ በፈንጂ ተከፈተና 53,000 ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት በውሃ ተሸፈነ። መንግሥት በዚያ መሬት ላይ ውሃ የመልቀቅን መብት ከባለይዞታዎቹ አስቀድሞ ገዝቶ ነበር። ማሳው ዓይኑ እያየ ለሰመጠበት ገበሬ ይህ ብዙ አያጽናናውም፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ቢሆንም የአንዱን መሬት ለሌላው ደኅንነት የምናውል ከሆነ፣ ዋጋው ውሃው ሳይመጣ፣ በውልና በገንዘብ መከፈል አለበት እላለሁ። ሳይጠየቅና ሳይከፈለው ሌላውን ለማዳን የሚሰምጥ መንደር በደል ተፈጽሞበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሕጉ ሌላው ክፍል ነው፤ ገንቢውና ጠጋኙ የተለያዩ መሆናቸው። ይህ አከፋፈል በብዙ አገር አለ። ገንዘብ ያለው ይገነባል፣ ያስመርቃል፤ ገንዘብ የሌለው ይረከባል። ከዚያ በኋላ ዳይኩ ላይ ዛፍ ይበቅላል፣ አይጥና ጃርት ይቆፍሩታል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ለጥገና የተያዘችው ጥቂት ገንዘብ ደግሞ አስቸኳይ ለተባለ ሌላ ጉዳይ ትዛወራለች።

ኔዘርላንዶች ይህን ቀዳዳ የደፈኑት በጥንት ሥርዓታቸው ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የውሃ ቦርድ የሚባሉ ተቋማት አሏቸው፤ ቦርዶቹ ዛሬም የራሳቸው ምርጫና የራሳቸው ግብር አላቸው። ለውሃ ተብሎ የተሰበሰበ ለሌላ አይውልም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዋና ዋና ዳይኮችን የማጠናከሩን ወጪ ማዕከላዊው መንግሥትና የውሃ ቦርዶቹ እኩል ይካፈላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ወንዞቻቸው ሞልተው 250,000 ሰው ከቤቱ ሲወጣም ዳይኩን ከፍ ማድረግ ብቻ እንደማያዋጣ ተረዱ። ለወንዙ ቦታ መልቀቅን መረጡ፤ ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች፣ በ2.3 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ። ናይሜኸን ከተማ ላይ ዳይኩን 350 ሜትር ወደ ኋላ አሸሹት። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሥራ የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአደጋ ማግስት በጥድፊያ የተመደበ ገንዘብ ደግሞ ያን ትዕግሥት የለውም።

ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የአካባቢ አስተዳደሮች በነዋሪ በዓመት እስከ 40 ዩሮ እንዲሰበስቡ ፈቅዳለች፤ ገንዘቡ ለውሃና ለጎርፍ ሥራ ብቻ ነው።

«የወንዝ ዳር ሰው ድሃ ነው፤ ምን ይክፈል?» የሚለኝ አለ። ትክክል ነው፤ ብቻውን መክፈል የለበትም። በዳይኩ ጀርባ የሚያልፈው መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ገበያ የሚሄደው እህል የአገር ነው። ስለዚህ አገር ድርሻዋን ትክፈል። የአካባቢው ሰው ግን ጥቂትም ቢሆን ሲያዋጣ ዳይኩ የእሱ ይሆናል፤ ስንጥቅ ሲያይ ዝም አይልም፤ ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎም ይጠይቃል።

የበጀት ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዲስ ዳይክ ስታጸድቁ የጥገናውን የየዓመት ወጪ በዚያው ሰነድ ላይ አጽድቁ፤ የሚከፍለውንም በስሙ ጻፉት። ያ ገንዘብ ወደ ሌላ አርዕስት እንዳይዛወር ሕግ ይከልክል። ከዝናብ ወቅት በፊት እያንዳንዱ ዳይክ በእግር ይታይ፤ የታየው ጉድለትም ለነዋሪው በአደባባይ ይነበብ። ጆንያውና አሸዋው ውሃው ከመምጣቱ በፊት መጋዘን ይግባ፤ ቁልፉም በቅርብ ባለ ሰው እጅ ይሁን።

አመሰግናለሁ።